የአጥቢያው ኮከብና የጓሮው መነጽር

ከዶሮ ጩኸት አስቀድሞ መነሣት ለኢትዮጵያ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም። ሰዓታቱ የሚቆመው፣ ማሕሌቱ የሚዘለቀው፣ ኪዳኑም የሚደርሰው በዚያው በሌሊቱና በንጋቱ መካከል ነውና። ነገር ግን ነጠላውን ተከናንቦ ወደ ደጀ ሰላም ከሚገሠግሠው ሕዝብ መካከል ቀና ብሎ ምሥራቁን የሚመለከት ስንቱ ነው? የሚመለከትም ቢገኝ፣ «አጥቢያ ኮከብ ወጣ» ከማለት አልፎ የዚያን ኮከብ ጠባይ የሚያውቅ ከብዙ አንድ ነው።

በጓሮዬ ከጎመኑ መደብና ከውኃው በርሜል መካከል የማቆማት መነጽር ታናሽ ናት። የመስተዋቷ ስፋት 114 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የቱቦዋ ርዝመት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። በእንጦጦ ራስ ላይ የተተከሉት ሁለት ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ስለ ሆኑ፣ በእነርሱ ፊት የእርሷ ስም አይነሣም። ሆኖም ለፕላኔቶች ትበቃለች። የከተማው መብራት ደካሞቹን ከዋክብት ቢሸፍን እነርሱን ሊሸፍን አይችልም፤ ደግሞም ከንጋት በፊት አየሩ የረጋ በመሆኑ ምስላቸው እንደ ማታው አይንቀጠቀጥም።

በዚህች መነጽር የተመለከቷት እንደ ሆነ፣ አጥቢያ ኮከብ በእውነቱ ኮከብ አለመሆኗ ይታወቃል። የቀድሞ ሰዎች ዝሁራ፣ ፈረንጆች ቬነስ የሚሏት ይህች ፕላኔት የራሷ ብርሃን የላትም፤ የፀሐይን ብርሃን ተቀብላ የምትመልስ ናትና እንደ ጨረቃ ትጎድላለች፣ ትሞላለችም። ኢጣሊያዊው ሊቅ ጋሊሌዮ ይህን የተረዳው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1610 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ በመሽተሪ፣ ማለት በጁፒተር ዙሪያ የሚዞሩትን አራት ጨረቆች አይቶ ነበር። እነዚህኑ አራቱን ዛሬ ማንኛውም ልጅ ከጓሮው ሆኖ ሊቈጥራቸው ይችላል፤ አንዱ ከጌታው ኋላ ተሸሽጎ ሦስት ብቻ የሚታዩበት ሌሊትም አለ። የዙሐል፣ ማለት የሳተርን ቀለበት ግን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጠርዙን ወደ እኛ አዙሮ ስለ ነበረ፣ ያንን ክረምት እንደ መርፌ ቀጥኖ ነው የከረመው። ይህ የሚሆነው በ15 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ነው።

ዙሐል፣ መሽተሪ፣ ዝሁራ የሚባሉትን ስሞች በልጅነቴ የሰማኋቸው በሹክሹክታ ነበር። ከዐረብኛ የመጡ ስሞች ሲሆኑ፣ በእኛ ዘንድ ያረፉት በዐውደ ነገሥት ገጾች ላይ ነው፤ የሰውዬውን ስም ከእናቱ ስም ጋራ ቈጥሮ፣ ለዐሥራ ሁለት ገድፎ፣ «ኮከብህ ይህ ነው፣ ዕድልህም ይህ ነው» የሚለው ሰው የሚያነሣሣቸው ናቸው። ስለዚህ መነጽሯን የተከልሁ ጊዜ በሠፈሩ የተወራው ወሬ አላስደነቀኝም። ቤተ ክርስቲያናችን ጥንቈላን ታወግዛለች፤ ሰማይን መቍጠርን ግን አታወግዝም። ባታውቅበት ኖሮ ዓቢይ ጾም የሚገባበትን፣ ትንሣኤ የሚውልበትን ቀን በምን ታገኝ ነበር? የባሕረ ሐሳብ ተማሪ አበቅቴንና መጥቅዕን ሲያወጣ፣ 19ኙን የንዑስ ቀመር ዓመታት ሲያዞር፣ የሚከተለው የጨረቃን መንገድ ነው።

ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ተማሪዎቼ አንዱ ደግሞ ከሌላው ወገን መጣብኝ። «መምህር፣ እንግዲህ ሄኖክ ስለ ፀሐይ ደጆች የጻፈው ተረት ነው ማለት ነው?» አለኝ። መልአኩ ዑራኤል ለሄኖክ ያሳየው በምሥራቅ 6፣ በምዕራብም 6 ደጆች እንደ ሆኑ ይታወቃል። ልጁን አልተቈጣሁትም። በየወሩ አንድ ቀን ከአንድ ሥፍራ ቆሞ ፀሐይ የምትወጣበትን ምልክት እንዲያደርግ አዘዝሁት። በታኅሣሥ ከጎረቤቱ ጣራ በስተ ቀኝ፣ በሰኔ ከባሕር ዛፉ በስተ ግራ እንደምትወጣ አይቶ፣ መካከሉን ራሱ ከፋፍሎ አመጣልኝ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ለማንበብ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት።

ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ ጾመ ፍልሰታ በገባ በስድስተኛው ቀን፣ ዝሁራና መሽተሪ እጅግ ተቀራርበው የሚታዩበት ዕለት ነበር። ሲዘንብ አድሮ 11 ሰዓት ሲሆን ደመናው በምሥራቅ በኩል ተቀደደ። ጨረቃ በምዕራብ በኩል ከዙሐል አጠገብ ቆማ ነበር። ሁለቱ ፕላኔቶች በመካከላቸው አንድ ዲግሪ እንኳ ስላልነበረ በአንድ ጊዜ በመነጽሯ ውስጥ ገቡ፤ ዝሁራ ሙሉ ልትሆን ጥቂት የቀራት፣ መሽተሪም ከነጨረቆቹ። የተቀራረቡ ይምሰሉ እንጂ የመሽተሪ ርቀት የዝሁራን አምስት እጥፍ ያህል ነበር።

ወደ ኪዳን የምትሄድ አንዲት እናት በአጥሩ በኩል አይታኝ ገባች። ልጇ በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ከደወለች አምስት ወር አልፏል።

«መምህር፣ ላስቸግርዎ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የልጄን ኮከብ ይዩልኝ። ስሟን እነግርዎታለሁ፤ የእኔንም ያውቁታል።»

ስሟን ከእናቷ ስም ጋራ የሚቈጥር ሰው ይህን ጊዜ አንድ ነገር ይናገራል፤ የሚናገረውም እስከ ማታ ድረስ ያጽናናታል፣ ወይም ያሳብዳታል። እኔ ግን፣ «እማማ፣ በዚህ የሚታየው አሁን ያለው ብቻ ነው፤ የልጅዎም ሆነ የእኔ ነገር በዚህ አልተጻፈም» አልኋት። ዝም አለች። ተስፋ የቈረጠች መስላኝ፣ «ግን ይመልከቱ» ብዬ ቦታውን ለቀቅሁላት።

ነጠላዋን ሰብስባ አጐነበሰች። ብዙ ቆየች።

«ይህ እዚያም ይታያል?» አለችኝ ዓይንዋን ሳታነሣ።

በእውነቱ ይታያል። ቤይሩት ከእኛ በስተ ሰሜን፣ ወደ ምዕራብ ጥቂት ብቻ ዘንበል ብላ የምትገኝ ናትና፣ ንጋቷ ከንጋታችን ብዙ አይርቅም። በክረምታችን ወራት ሰዓቷም ከእኛ ሰዓት ጋራ አንድ ነው፤ ያን ጊዜ እዚያ በጋ ስለ ሆነ ሰማዩ በደመና የሚሸፈነው ከስንት አንድ ቀን ነው። ይህን ሁሉ ነገርኋት።

«እንግዲያው በዚህ ሰዓት ትነሣለች» አለች። «ቤት የምትጠርገው በሌሊት ነው ብላኝ ነበር። በረንዳ አለው።»

እንደ ገና አጐነበሰች፤ ደመናው እስኪዘጋ ድረስም አልተነሣችም።

ልጅቱ ከዚያ በኋላ አልደወለችም። እናትየዋ ግን ሰማዩ በጠራ ሌሊት ወደ ኪዳን ስትሄድ በአጥሩ በኩል፣ «ወጥታለች?» ብላ ትጠይቀኝ ነበር። በኅዳር፣ ጾመ ነቢያት ሲገባ፣ ዝሁራ ወደ ፀሐይ ቀርባ በንጋቱ ብርሃን ውስጥ ስለ ጠፋች ደንግጣ መጣች። ጠፍታ እንዳልቀረች፣ በልደት ዋዜማ ከፀሐይ ወዲያ ማዶ እንደምታልፍ፣ ከዚያም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በስተ ምዕራብ የምሽት ኮከብ ሆና እንደምትወጣ አስረዳኋት።

«እዚያም በማታ?»

«እዚያም በማታ።»

«እንግዲያ በማታ እመጣለሁ» አለችኝና መንገዷን ቀጠለች።