ፊውዙ ለምን ተቃጠለ?

ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። የቪትዝ ሹፌሩ ከቦሌ ወደ ሰሚት ተሳፋሪ ይዞ እየሄደ ስልኩ 3 ፐርሰንት ላይ ደረሰ። ቻርጀሩ እንደተሰካ ነው፤ መብራቱ ግን ጠፍቷል። ነቅሎ ሰካው፣ ወዘወዘው፣ ጫን አደረገው። የለም። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ተዘጋ። ካርታው ጠፋ፣ ሒሳቡም አብሮ ጠፋ። ተሳፋሪዋ የመሰላትን ከፍላ ወረደች።

ድሮ ሲጋራ ይለኮስበት የነበረው ቀዳዳ ዛሬ የሹፌር እንጀራ ሆኗል። ስልክ ከሌለ ጥሪ የለም፤ ጥሪ ከሌለ ቀኑ ባዶ ነው።

በነጋታው ሰፈር ያለ ጋራዥ ሄደ። ልጁ የፊውዝ ሳጥኑን ከፍቶ ሰማያዊውን ባለ 15 አምፔር ፊውዝ አወጣ። ተበጥሷል። በአዲስ ተካው፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀበት። ሹፌሩ ከፍሎ፣ አመስግኖ ሄደ። በሁለተኛው ቀን ፊውዙ ደግሞ ተቃጠለ። ልጁ "ይሄ አቅሙ ትንሽ ነው" ብሎ ቢጫውን 20 አስገባ። እሱም ሲቃጠል አረንጓዴውን 30 ሰካና "አሁን ንቅንቅ አይልም አለቃ" አለ።

እውነትም ፊውዙ ከዚያ በኋላ አልተቃጠለም። መቃጠል የጀመረው ገመዱ ነው።

ከሳምንት በኋላ እናት ከነልጇ ኋላ ተቀምጣ ሳለ "ሹፌር፣ የሆነ ነገር ይሸታል" አለች። ከክሩስኮቱ ስር ቀጭን ጭስ ይወጣል። መኪናውን ጥግ አስይዞ ቁልፉን አጠፋ፣ እናትና ልጁን አወረደ፣ የባትሪውን ገመድ ፈታ። ጭሱ ቆመ። የእጁ መንቀጥቀጥ ግን ቶሎ አልቆመም።

ብዙ ሰው ፊውዝ የሚጠብቀው ቻርጀሩን ይመስለዋል። አይደለም፤ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ገመዱ 15 አምፔር እንዲሸከም ተመርጦ ከተዘረጋ፣ በዚያ ላይ 30 መስካት ማለት ገመዱ ቀልጦ እሳት እስኪነሳ ድረስ ዘበኛውን "አንተ ተኛ" እንደማለት ነው። ፊውዝ በሽታ አይደለም። ትኩሳቱን የሚናገር እሱ ነው።

ሹፌሩ በጓደኛ ጥቆማ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄደ። ሰውየው የፊውዝ ሳጥኑን አልነኩም። መጀመሪያ ጠየቁ። "ሲቃጠል ምን ተሰክቶ ነበር? ስትሰካው ነው ወይስ እየሄድክ? ሬዲዮውስ አብሮ ጠፍቷል?" በአንዳንድ መኪና ሬዲዮውና ሶኬቱ የሚጋሩት ፊውዝ አንድ ስለሆነ ነው ይህን የጠየቁት። ከዚያ ቻርጀሩን ሌላ መኪና ላይ ሞከሩት። ይሠራል። ቀጥሎ ባትሪው እንደተፈታ በባትሪ መብራት ቀዳዳው ውስጥ አዩ።

ሶኬቱ ታች ላይ ቁራጭ ብረት ከነሞላው ተኝቷል። ከወራት በፊት የተጣለ የርካሽ ቻርጀር ጫፍ ነው፤ ሲወልቅ ማንም ልብ አላለውም። የሶኬቱ መሐል ፖዘቲቭ ነው፣ ዙሪያው ደግሞ ኔጌቲቭ። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ቁራጩ እየተንሸራተተ ሁለቱን ያገናኛል። ንክኪው ሙሉ ቢሆን 30ውም በተቃጠለ ነበር። ደካማ በመሆኑ ግን 15ቱንና 20ውን የሚበጥስ፣ 30ውን የማይነካ፣ ገመዱን ግን የሚያግል ኮረንት አሳለፈ።

ቁራጩን በመቆንጠጫ አወጡ፣ የቀለጠውን ገመድ ቆርጠው በአዲስ ቀየሩ፣ ሰማያዊውን 15 መለሱ። በመጨረሻ ከቴስተር ሌላ አምፖል አገናኝተው አዩ። ምክንያቱም የላላ ወይም የዛገ ንክኪ ቴስተር ላይ 12 ቮልት እያሳየ፣ ጭነት ሲመጣ ሊከዳ ይችላል። አምፖሉ ቦግ አለ።

ሒሳቡ ሲነገረው ሹፌሩ ቅር አለው። "ጋሼ፣ አንዲት ገመድና አንዲት ፊውዝ እኮ ነው የቀየሩት!"

"ልጄ፣ ፊውዝማ ሦስት ጊዜ ተቀይሮልሃል" አሉት። "እኔን የምትከፍለኝ ለፈለግኩበት ነው።"

ችግሩ የጋራዡ ልጅ ብቻ አይደለም። ደንበኛው የሚቆጥረው የተቀየረውን ዕቃ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ጎንበስ ብሎ ምክንያቱን የፈለገ ሰው "ምን ሠራና?" ይባላል፤ በአምስት ደቂቃ ትልቅ ፊውዝ የሰካው "እጁ ፈጣን ነው" ተብሎ ይመሰገናል። ልጁ የተማረው የሚከፈልበትን ሥራ ነው። ለ"ለምን" የማይከፍል ሰው ለ"ለጊዜው" ደጋግሞ ይከፍላል፤ አንዳንዴም በመኪናው፣ አንዳንዴም ኋላ በተቀመጠ ሕፃን።

ሹፌሩ ከፍሎ ሄደ። አሁን ፊውዝ ሲቃጠልበት "ሌላ አምጣ" አይልም። መጀመሪያ ቁልፉን አጥፍቶ ቀዳዳው ውስጥ ያያል።