ስለ መጠበቅና ስለ ማጨድ

በመንዝ ተወልጄ ያደግሁ፣ በዚያውም ልጆችን ሳስተምር ዕድሜዬን ያጋመስሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ጓሳን አውቀዋለሁ እያልሁ እኮራ ነበር። ሰው ግን በደጁ ያለውን ነገር አዘውትሮ ከማየቱ የተነሣ ያወቀው ይመስለዋል እንጂ፣ ጠይቆ ካልተረዳው አያውቀውም። እኔም አለማወቄን የተረዳሁት፣ ስለ ደን አጠባበቅ ላስተምር ተማሪዎቼን ይዤ ወደዚያ በወጣሁበት ቀን ነው። ነገሩ የተጀመረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በክፍል ውስጥ በሠራሁት ስሕተት ነውና፣ ከእርሱ ልነሣ።

በዚያን ጊዜ ሳስተምር ደን ማለት ዛፍ ነው፣ ደንን መጠበቅ ማለትም ሰውን ከዛፍ ማራቅ ነው እል ነበር። በጥቁር ሰሌዳውም ላይ «የደን ጠላቱ ሰው ነው» ብዬ በትልቁ እጽፍ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን የሚበልጥ ችግኝ በአገሪቱ ተተከለ ተብሎ በተነገረ ጊዜ፣ እኔም ተማሪዎቼን አሰልፌ ስተክል ውያለሁ። መትከሉ መልካም ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ችግኙን ማን እንደሚኮተኩተው፣ ከከብት ማን እንደሚከላከልለት፣ ባደገም ጊዜ ማን ቆርጦ ቤቱን እንደሚሠራበት አንድም ቀን ጠይቄ አላስተማርሁም። ችግኝ ተከላው በዓል ሆኖ ያልፋል፤ ከበዓሉ በኋላ ያለውን ሥራ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

በፈተናው ላይ «ደን የሚጠበቀው እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ አወጣሁ። ተማሪዎቹም በአጥር፣ በጥበቃ፣ በሕግ፣ በቅጣት እያሉ እኔ የነገርኋቸውን መልሰው ጻፉልኝ። አንድ ልጅ ብቻ «ሲታጨድ ነው» ብሎ ጻፈ። ሌላ ቃል አልጨመረበትም። እኔም ዜሮ ሰጠሁት፤ ይህ ሳይበቃኝ ወረቀቱን ለክፍሉ አነበብሁና «ደን እንደ ገብስ ይታጨዳልን?» አልሁ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ ልጁም አንገቱን ደፋ። እናቱ የጓሳ ገመድ እየገመደች በገበያ ቀን በመሸጥ እንደምታሳድገው የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ይህንንም ሰምቼ አዘንሁ እንጂ፣ ተሳስቻለሁ ብዬ ገና አላሰብሁም ነበር።

ወደ ጓሳ የወጣነው በየካቲት ነው። ማለዳው ውርጭ ነበር፤ ሣሩ ነጭ ሆኖ ከእግራችን በታች ይንኮሻኮሻል። ቦታው ከ3200 ሜትር ጀምሮ እስከ 3700 ሜትር ድረስ ከፍ ይላልና፣ መንገዱን ስንወጣ እኔ ከሁሉም ኋላ ቀረሁ። ከላይ ደርሰን ሜዳውን ባየን ጊዜ አንዲት ተማሪ ወዲያና ወዲህ ተመለከተችና «ጋሼ፣ ደኑ የታል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የሚታየው እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ የተንጣለለ የጓሳ ሣር፣ በመካከሉም ጅብራና አስታ፣ ጨረንፌም ነው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋው በዚያ ምድር ላይ እኔ ደን ብዬ ያስተማርሁት ዓይነት ነገር የለም። እኔም መልስ ስላጣሁ፣ ከሣሩ ሥር ያለውን አፈር በእጃቸው እንዲጨብጡት አዘዝኋቸው። ዝናብ ከጣለ ወራት ቢያልፍም አፈሩ እርጥብ ነበር። በክረምት የጠጣውን ውኃ በበጋ ቀስ እያለ ለምንጮቹ ይሰጣል፤ ከዚያም እኩሌታው በምዕራብ በኩል ወደ ጀማና ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ እኩሌታው በምሥራቅ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። ዛፍ የሌለበት ምድር የዛፍን ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ይህን ለማለት እኔም የበቃሁት በዚያች ልጅ ጥያቄ ነው።

እንዲሁ ስንመለከት ብዙ የጭላዳ መንጋ ሣር ሲነጭ አየን። በመካከላቸውም አንድ ቀይ ቀበሮ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። በዚህ በጓሳ ሆነው ይህን ያጠኑ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ቀበሮው በጭላዳ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ እንደሚሳካለት፣ ለብቻው ሲያድን ግን ከመቶ 25 ጊዜ ብቻ እንደሚሳካለት ገልጠዋል። በኢትዮጵያ እንጂ በሌላ አገር የማይገኘው ይህ እንስሳ፣ ዛሬ በጠቅላላው ለአካለ መጠን የደረሰው 500 አይሞላም። ልጆቹ ዝም ብለው ተመለከቱት። እኔ በአንድ ዓመት ትምህርት ያን ያህል ዝምታ አግኝቼ አላውቅም።

ቦታውን ከሚጠብቁት ጋር አንድ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ መጡ። እኔም «አባቴ፣ ይህ ቦታ እንዴት እንደ ተጠበቀ ለልጆቹ ይንገሩልኝ» ብዬ ለመንኋቸው። እርሳቸውም በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቀሮን ነገሩን።

ጓሳ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አስቦና ገራ የሚባሉት የሁለቱ አባቶች ዘሮች በአጽመ ርስት የያዙት ምድር ነበር። ከሁለቱም ወገን አለቃ ይመረጥና፣ ቦታው ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ሣር የሚያጭድ፣ ከብት የሚያስገባ፣ ጨረንፌም የሚለቅም አይገኝም፤ ጥበቃውም በተራ የሁሉም ግዴታ ነው፤ ቅጣቱም ጽኑ ነው። ሣሩ በደረሰ ጊዜ በበጋው ይከፈታል። መጀመሪያ ሰው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለጌሳ የሚሆነውን ያጭዳል፤ ከዚያ በኋላ ከብቱ ይገባል። ሐምሌ 5 ቀን፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ጓሳው ተመልሶ ይዘጋል።

አንዱ ተማሪ «አባባ፣ ለዘለዓለም ቢዘጋ ኖሮ ይበልጥ አይጠበቅም ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ይህም ከእኔ የተማረው ነው። ሽማግሌው ፈገግ አሉና «ልጄ፣ የማላጭደውን ምን ብዬ በውርጭ እጠብቅልሃለሁ?» አሉት።

ያን ጊዜ ዓይኔ ያንን ልጅ ፈለገ። ከሁሉም ኋላ ቆሞ፣ የተነቀለ ሣር በጣቶቹ እየገመደ ነበር። ወደ እኔ አልተመለከተም።

ሽማግሌው የቀሮን ነገር ሲያወድሱ ሰምቼ ሁሉ ነገር በድሮው ዘመን መልካም ነበር ልል አልወድም። ከሁለቱ አባቶች ዘር ያልሆነው ሰው ጎረቤት ሆኖ ሳለ ከጓሳው ድርሻ አልነበረውም፤ ይህ ቅን ፍርድ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ አጽመ ርስቱ ቀረ። ድርሻ ያልነበራቸው ድርሻ አገኙ፤ ይህ ደግ ነው። ነገር ግን ከርስቱ ጋር ቀሮው አብሮ ወደቀ፤ ሣሩም የሁሉ ሆነና የሚጠብቀው ጠፋ። ሽማግሌው እንደ ነገሩን፣ ተራ ጠብቆ ማጨድ ቀርቶ ቀድሞ የደረሰ ሁሉ ያጭድ ጀመር። ኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ፣ በየቀበሌው ሰው መርጦ፣ ዘር ሳይለይ ደንብ አወጣና መዝጋቱንና መክፈቱን መለሰው። የክልሉም መንግሥት ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አጸናለት።

እኔን ዛሬ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በመንዝ የሣር ቤት እየቀነሰ ቆርቆሮ በዝቷል፤ በጌሳ ፈንታም ከገበያ የተገዛ ላስቲክ የሚለብሰው ብዙ ነው። ሣሩን የማይፈልገው ትውልድ ሣሩን ይጠብቀዋልን? ጎብኚ የሚያመጣው ገንዘብ አለ ይባላል፤ ጎብኚ ግን አንድ ወሬ በሰማ ጊዜ ይቀራል። ይህን ሽማግሌውን ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ ልጆቹ ስለ ተራቡ ቶሎ ወረድን።

በማግሥቱ የፈተናውን ወረቀት ይዤ ወደ ክፍል ገባሁ። አስተማሪ በተማሪዎቹ ፊት ተሳሳትሁ ሲል ክብሩ ይጎድላል የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁና ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። በሳቅ ያዋረድሁት በሁሉ ፊት ስለ ሆነ፣ ይቅርታውም በሁሉ ፊት መሆን ነበረበት። ልጁን በስሙ ጠርቼ «መልስህ ልክ ነበር፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ዜሮውን ሰርዤ ሙሉውን ሰጥቼሃለሁ» አልሁት። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም።

ልጁ ተነሥቶ ቆመ፤ ጥቂትም ዝም አለና «ጋሼ፣ ሙሉውስ አይገባኝም» አለ። «ለምን?» ብለው «ሲታጨድ ብቻ ነው የጻፍሁት፤ ሲዘጋ የሚለውን ትቼዋለሁ» ብሎ መለሰልኝ።

እኔም ግማሹን ሰጠሁት።