ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ!

ያኔ፣ ካሊፎርኒያ ኦክላንድ በገባሁ ሰሞን፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጋሼ በአሮጌዋ ቶዮታ ጭነውን ከፓሲፊካ ወደ ሃፍ ሙን ቤይ ይነዱ ነበር። ዴቭልስ ስላይድ ስንደርስ የእኔ ነገር አይነሳ! በግራ የሚናድ ተራራ፣ በቀኝ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ፓሲፊክ! ባሕሩ መሐል ከቆመው አለት ዙሪያ ወፍ ይርመሰመሳል። “ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ!” እላለሁ፤ “አንገትሽን አስገቢ!” ይላሉ። መንገዱ ጠባብ፣ ዳር መያዣ የለው፤ ያ ሁሉ ጉድ ዓይን እስኪጨፈን አምልጦን ይሄዳል።

ዛሬስ? እ.ኤ.አ. በ2013 ዋሻው ተከፈተና መኪናው ሁሉ በተራራው ሆድ ማለፍ ጀመረ። በዓመቱ አሮጌው አስፋልት የእግረኛ ሆነ። መቆም ብርቅ በነበረበት ቦታ ረፋዱን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ!

መር የሚሏቸውን ወፎች ያያችሁ! ጀርባቸው ጥቁር፣ ደረታቸው ነጭ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ጎጆ የሚባል ነገር አያውቁም፤ አንዲት እንቁላል ባዶ አለት ላይ ይጥላሉ። አንዱ እንቁላል ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ ላዩ ዝንጉርጉር።

ይህ ባሕሩ መሐል ያለው አለት ባዶውን ቀርቶ ነበር እኮ። እ.ኤ.አ. በ1986 አፔክስ ሂውስተን ከተባለው ጀልባ የፈሰሰው ነዳጅ ወፎቹን በሺዎች ፈጃቸው። ከ10 ዓመት በኋላ ባለሙያዎች የወፍ አምሳያዎች አለቱ ላይ ደረደሩ፣ መስታወት አቆሙ፣ የመንጋ ጩኸት በድምፅ ማጉያ ለቀቁ። መር ያለ ጎረቤት አይወልድም። እውነተኞቹ መጡ፤ በዚያው ዓመት ፈለፈሉ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር እልል ማለት ያምረኛል።

ፔሊካኖቹም አሉ። ልጅ ሆኜ ዝዋይ ላይ የማውቃቸው እየዋኙ ነበር ዓሣ የሚያጠምዱት፤ እዚህ ያሉት ቡናማዎቹ ግን ከሰማይ ተወርውረው በጭንቅላታቸው ባሕሩን ይሰነጥቁታል። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ጮኼያለሁ።

ጋሼ አሁን ከዘራ ይዘዋል፤ መንገድ ዳር የተተከለውን መነጽር አንዴ ከያዙ ግን የሚያስለቅቃቸው የለም። የመር ጫጩት ገና ሦስት ሳምንት ሲሆናት፣ ክንፏ ሳይጠና፣ ከአለቱ ተወርውራ ባሕር ትገባለች፤ እየተጣራ የሚቀበላት፣ ባሕር ላይም የሚያሳድጋት አባትየው ነው። ይህን ስነግራቸው መነጽሩን ሳይለቁ፣ “አባትየው? ጎሽ! በይ ዝላዩን እንዳይ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሳታመጪኝ ብትቀሪ ተቀያይመናል” አሉኝ።