ጣቶቼን ይዤ ካፒቶል ሂል

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሐሙስ፣ ግንቦት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

የፈረንጆቹ ሜይ እዚህ አገር የአርትራይተስ ወር ነው። ማክሰኞ ከሌሎች ሕመምተኞች ጋር ሴናተሮቻችን ቢሮ እንሄዳለን። ዛሬ ማታ አዘጋጆቹ በዙም ሥልጠና ሰጡን። ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ሦስት ደቂቃ ነው። ስለ በሽታው አታስተምሩ፣ የደረሰባችሁንና እንዲደረግላችሁ የምትፈልጉትን ተናገሩ ተባልን።

ምክሩን ወድጄዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ 53 ሚሊዮን ገደማ አዋቂዎች አርትራይተስ እንዳለባቸው የበሽታ መከላከያ ማዕከሉ ሲዲሲ አውጥቶታል፤ ይህን ቁጥር የምክር ቤት ሠራተኞች በየዓመቱ ይሰሙታል። የማያውቁት ጠዋት ጠዋት የኔ ጣቶች እንዴት እንደሚያድሩ ነው። ስነቃ እንደ ደረቀ ቆዳ ግትር ብለው ይጠብቁኛል። እጄን መጨበጥ አልችልም። የመታጠቢያውን ገንዳ ሙቅ ውሃ ሞልቼ እነክራቸዋለሁ። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ወይም ጀበና አንስቶ መቅዳት የምችለው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ እሱም ደህና በሆነልኝ ቀን።

ዓርብ፣ ግንቦት 2

መድኃኒቴን፣ ሜቶትሬክሴትን፣ የምወስድበት ቀን። በሳምንት አንዴ፣ ከራት በኋላ። ነገ ድካሙ አልጋ ላይ ስለሚያውለኝ የማክሰኞውን ንግግር ዛሬውኑ መጻፍ አለብኝ።

ታሪኩ አጭር ነው። ሜቶትሬክሴት ብቻውን አልበቃ ሲለኝ ሐኪሜ የሚወጋ ባዮሎጂክ መድኃኒት ጨመረልኝ። እብጠቱ ጎደለ፣ እንቅልፍ ተኛሁ፣ ሥራዬንም ያለ ሕመም ፈቃድ መሥራት ጀመርኩ። ከዚያ መሥሪያ ቤት ቀየርኩ። የአዲሱ መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ያንን መርፌ ከመክፈሉ በፊት ርካሹን ሞክሪ፣ ካልሠራልሽ እናያለን አለኝ። እየሠራልኝ ያለውን አቁሜ፣ ሌላው እንደማይሠራልኝ በሰውነቴ ላይ እንዳስመሰክር ማለት ነው። ሐኪሜ ደብዳቤ ጻፈ፤ ነርሷ ስልክ ላይ ዋለች። መልሱ የመጣው መጸው አልፎ፣ በረዶውም ወርዶ ከቀለጠ በኋላ ነበር። እስከዚያ የቀኝ እጄ መሀል ጣት ተጣመመ።

አሁን መድኃኒቱን አገኛለሁ። ጣቱ ግን አይቃናም። የያዘኝ ሩማቶይድ አርትራይተስ ማለት የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሽፋን ሲያጠቃ ነው፤ ብግነቱ ከቆየ አጥንቱን ይበላል፣ የተበላውን አጥንት ደግሞ የሚመልስ መድኃኒት የለም። ኢንሹራንሱ የቆጠባት ገንዘብ ከኔ እጅ ላይ ተከፍላለች። ይህን ሳላለዝብ ነው የምናገረው።

እሑድ፣ ግንቦት 4፣ ዳግማይ ትንሣኤ

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ለእናቶች ስለ ማክሰኞው ነገርኳቸው። አንዲት እናት ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው እጃቸውን አሳዩኝ። የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ሁሉ አብጧል። «ብርድ ነው ልጄ። ስንት ዘመን የሆቴል አንሶላ ሳነጥፍ የያዘኝ ብርድ ነው» አሉ። ሐኪም አይተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ «ለርጅና ሐኪም አለው?» አሉኝ።

ይህ አነጋገር ያንገበግበኛል። ሩማቶይድ አርትራይተስ በብዛት የሚጀምረው በ30ና በ60 ዓመት መካከል ነው፣ ሴቶችን ደግሞ ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ይይዛል። ርጅና ነው ብለን ዝም ባልን ቁጥር የሚጎዱት ገና ልጅ የሚያሳድጉ፣ ደመወዝ የሚጠብቁ ሴቶች ናቸው። እኛ ሕመማችንን ለንስሐ አባት እንነግራለን፤ ድምፃችንን ለሚለምነን ፖለቲከኛ ግን አንነግረውም።

ማታ አክስቴ ከደሴ ደወሉ። ሁልጊዜ እንደሚሉት ፍል ውሃ ገብቼ እንድታጠብ መከሩኝ። እውነት ነው፣ ሙቀቱ ያፍታታል፤ ብግነቱን ግን አያቆመውም። ሴናተር ቢሮ ልሄድ ነው ስላቸው ተገረሙ።

«ምን ሊያደርግልሽ? ሐኪም ነው እንዴ?»

«ሐኪሙማ የድርሻውን አድርጓል እቴቴ። የቀረው የሕጉ ነው።»

ሰኞ፣ ግንቦት 5

ዛሬ ያነበብኩት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሜሪላንድ ይህን «መጀመሪያ ርካሹን» የሚሉትን አሠራር የሚገድብ ሕግ በፈረንጆቹ 2014 አውጥታለች። እኔን ያልጠቀመኝ መሥሪያ ቤቴ የሠራተኛውን ሕክምና ከራሱ ካዝና ስለሚከፍል ነው። እንዲህ ያለውን አሠሪ የሚገዛው ኤሪሳ የተባለው የ1974ቱ የፌዴራል ሕግ ስለሆነ የስቴቱ ሕግ አይነካውም።

ያው የ1974ቱ ኮንግረስ ነው ብሔራዊውን የአርትራይተስ ሕግም ያሳለፈው፤ ፕሬዚዳንት ፎርድ በጃንዋሪ 1975 ፈርመውታል። አርትራይተስን የሚያጠናው ብሔራዊ ተቋም ራሱን ችሎ የቆመው ደግሞ በ1986 ነው። ለምርምሩ በር የከፈተው ምክር ቤት፣ በምርምሩ የተገኘውን መድኃኒት የሚያስከለክል ክፍተትም ትቶልናል። የተወው ምክር ቤት ስለሆነ ሊዘጋው የሚችለውም ምክር ቤት ነው።

ነገ የምንጠይቀው ሴፍ ስቴፕ አክት እንዲያልፍ ነው። የአላስካዋ ሴናተር ሊሳ መርካውስኪ በ2023 ለሴኔቱ አቅርበውታል። ርካሹን ሞክሩ ማለትን ጨርሶ አይከለክልም። በመድኃኒቱ የተረጋጋ፣ ሌላውን ሞክሮ ያልሠራለት፣ ወይም መዘግየቱ የማይመለስ ጉዳት የሚያደርስበት ሰው ከግዴታው ነፃ እንዲሆን ያደርጋል። ኢንሹራንሱ በ72 ሰዓት፣ አስቸኳይ ከሆነ በ24 ሰዓት እንዲመልስ ያስገድዳል። የኔ ጣት የተጣመመው በዚያ መልስ ማጣት ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

በቀይ መስመር ባቡር እስከ ዩኒየን ጣቢያ፣ ከዚያ በእግር እስከ ሃርት ሕንጻ። ጉልበቴ አስቸገረኝ፤ ሁላችንም ቀስ እያልን ስለሆነ የምንሄደው ማንም ማንንም አላስቸኮለም።

ሴናተሩ ድምፅ ለመስጠት ገብተው ነበርና የጤና ጉዳይ የያዘው ወጣት አነጋገረን። ከኔ በፊት የተናገረችው ከእናቷ ጋር የመጣች የአሥር ዓመት ልጅ ናት። አርትራይተስ የያዛት በሁለት ዓመቷ ነው። ጠዋት ቤታቸው ውስጥ ደረጃውን የምትወርደው ቁጭ ብላ፣ አንድ አንዱን እየተንሸራተተች እንደሆነ ነገረችው። ወጣቱ መጻፉን አቁሞ አያት።

የኔ ተራ ሲደርስ እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። አራቱ ጣቶች ተኙ፤ መሀሉ አልተኛም። መርፌዬ የተቋረጠበትን ወርና መልስ ያገኘሁበትን ወር ነገርኩት። «የስቴቱ ሕግ አይሸፍንሽም?» ብሎ ጠየቀኝ። አሠሪዬ በኤሪሳ እንደሚተዳደር ስነግረው ራሱን ነቀነቀና ቃሉን ጽፎ ከሥሩ ሁለቴ አሰመረበት። ቃል አልገባልንም፤ እኔም ባዶ ተስፋ ይዤ አልወጣሁም። ግን የተከለከልኩባቸውን ደብዳቤዎች ከነቀናቸው እንድልክለት ጠየቀኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

ቁርጭምጭሚቴ አብጦ አድሯል። ደብዳቤዎቹን በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ ስሜንና የምኖርበትን ዚፕ ኮድ ጽፌ ላክኩ። ዚፕ ኮዱ ከሁሉ ይበልጣል፤ መራጫቸው መሆኔን የሚያሳየው እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ የእሑዷ እናት ደወሉልኝ። ልጃቸው የሩማቶሎጂ ሐኪም ቀጠሮ ይዛላቸዋለች። ሴናተሩ እዚሁ ሜሪላንድ ቢሮ እንዳላቸው ሰምተው «እኔስ ልናገር እችላለሁ? እንግሊዝኛዬ ግን አይበቃም» አሉኝ። እዚያ ቀጠሮ ላስይዝላቸው፣ ሲናገሩም ላስተረጉምላቸው ተስማማን። ቀጠሮውን ጠዋት እንዳላደርገው አደራ ብለውኛል፤ ነገ ስደውል ከሰዓት በኋላ እጠይቃለሁ።