ልጓም ያለው ስብስብ



ብዙ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ሲጮኽ ስሰማ ልቤ ይደነግጥ ነበር። ምክንያቱን ያገራችን ሰው ያውቀዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ ተሰብስበው የወጡ ሰዎች መስጊዶችን አቃጠሉ፤ የሙስሊሞችንም ሱቆች አወደሙ። እኛ ጉንደ ወይኖች ለሞጣ ቅርብ ነንና ሐዘኑ ከየቤታችን ገባ። ከዚያ ወዲህ እኔ ከክርስቲያን ጎረቤቶቼ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል የማልለዋወጥ ሰው ሆንኩ።

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ከነዚሁ ጎረቤቶቼ አንዱ፣ «ሸኽ፣ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የፈረሰኞች በዓል አለ። አማቼም ይጋልባል፤ ምን አለ አብረን ብንሄድ?» አለኝ። ቀኑ ክርስቲያኖች ጊዮርጊስን የሚያስቡበት ነውና አመነታሁ። እሱም ገባውና፣ «ጸሎቱ የእኛ ነው፤ ፈረሱን ግን አብረን እንይ» አለ።

የፈረስ እሽቅድምድም ለዲናችን እንግዳ አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ፈረሶችን ማሽቀዳደማቸውን ኢብኑ ዑመር አስተላልፈዋል። ለሩጫ ለተዘጋጁት ረጅሙን መንገድ ከሐፍያእ እስከ ሠኒየተል ወዳዕ፣ ላልተዘጋጁት ደግሞ አጭሩን ከሠኒየተል ወዳዕ እስከ በኒ ዙረይቅ መስጊድ ወሰኑላቸው። ይህን ሐዲስ ለደረሶቼ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! እናም ለመሄድ ቆረጥኩ። በሞጣ አድርገን ባሕር ዳር አደርንና በማግስቱ እንጅባራ ገባን።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። አርበኞችንና ፈረሶቻቸውን፣ በተለይም በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የዋሉትን ለማሰብ በየዓመቱ ይሰበሰባል። በዚያ ዓመት 83 ዓመት ሞልቶት ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ሲሆን አንዱ ሲሞት ሌላው በፈረሱ ለቅሶ ይደርሳል፤ ሠርግም ሲሆን ያጅባል።

ሜዳው በሰውና በፈረስ ተሞላ። ጩኸቱ ሲነሣ የድሮው ድንጋጤ መጣብኝና ወደ ዳር ሸሸሁ። ስግሪያው አልፎ ጉግሱ ተጀመረ። አንዱ ወጣት ሌላውን እያሳደደ ዘንጉን ወረወረ፤ ተወርዋሪው ጋሻውን ሳያዞር ቀረና ትከሻው ተመታ። «አሁን ጠብ ተነሣ!» ብዬ ስጠብቅ፣ መቺው ልጓሙን ስቦ ፈረሱን መለሰና የተመታውን አቅፎ ትከሻውን ዳበሰለት። ሽማግሌዎቹም እጃቸውን ሲያነሡ ያ ሁሉ ጋላቢ ቆመ።

የዙሁር ሰዓት ሲደርስ ለመስገድ ወደ ከተማው ወጣሁ። ስመለስ ጎረቤቴ የተቀመጥኩበት ቦታ ላይ ጋቢውን አንጥፎ ይጠብቀኝ ነበር። «ሰው እንዳይይዝብዎ ብዬ ነው» አለኝ።

አንባቢ ሆይ! በዚያች ጋቢ ላይ ተቀምጬ ራሴን መረመርኩ። ይህን ስል የሞጣን በደል ለማቃለል አይደለም፤ የተበደለ ፍትሕ ሊያገኝ ይገባዋል። ነገር ግን ከሜዳው የተማርኩት ይህ ነው፤ ፈረስ ያለ ልጓም ጋላቢውን ይጥላል፤ ስብስብም ያለ ልጓም አገር ያጠፋል። ቂምም እንደዚሁ ነው። እኔ ቂሜን ልጓም ሳላበጅለት ሦስት ዓመት ጋለበኝ። የዚህ ጎረቤቴ እናት በ2013 ዓ.ም. ሲሞቱ ለቅሶ አልደረስኩም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአንድ አይሁዳዊ አስከሬን ሲያልፍ ከተቀመጡበት መነሣታቸውን የማስተምር እኔ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ለምንኖር ሰዎች ሐዘን ከቤቴ አልተነሣሁም።

ስንመለስ መኪናው ሞጣን እንዳለፈ፣ «ወንድሜ፣ እናትህ ሲሞቱ አልመጣሁም፤ አጥፍቻለሁ» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። ከዚያም፣ «ሸኽ፣ ዛሬ ደረሱ» አለኝ።

አላህ (ሱ.ወ.) ለልባችን ልጓም ይስጠን። አሚን።