ልጄ ሆይ፣ ላብራቶሪሽን ሳትዘጊ ግቢ

ለውድ ልጄ፣

እናትሽ ጉልበቷን ቢያማትም ቂርቆስን መሳለም አልተወችም። ካዛንቺስ ግን አንቺ ያደግሽባት ካዛንቺስ አይደለችም። የቀበሌ ቤቶቹ ፈርሰው መንገዱ ሰፍቷል፤ ጎረቤቶቻችን አንዱ እዚያ፣ ሌላው እዚህ ተበትነዋል። አሁን የምንገናኘው በዕድር ብቻ ነው።

በሰፈራችን ለምርጫ እጩ እንድትሆኚ መጠየቅሽን በስልክ ስትነግሪኝ ቶሎ ያልመለስሁልሽ ነገሩን አቅልዬ አይደለም። «አባዬ፣ የወባውን ሥራ ይዤ እንዴት ምክር ቤት እገባለሁ? ሁለቱን የቻለ ሰው አለ ወይ?» ብለሽኝ ነበር። አለ። ስለ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ልጽፍልሽ ብዕር ያነሳሁት ለዚሁ ነው። አንቺ ስማቸውን የምታውቂው በምርምር ጽሑፎች ላይ ነው። እኔና እኩዮቼ ደግሞ በሬዲዮና በቴሌቪዥን፣ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ቆመው ሲከራከሩ ነው የምናውቃቸው።

ከሰፈራችን በሂልተን አድርገሽ፣ የምኒልክን ግቢ አጥር ይዘሽ ሽቅብ ስትወጪ አራት ኪሎ ላይ ምክር ቤቱም የሳይንስ ፋኩልቲውም በቅርብ ርቀት ይገኛሉ። ፕሮፌሰር በየነ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህር ነበሩ፤ ሙያቸውም እንዳንቺው በሽታ አምጪ ጥገኛ ተሕዋስያንን ማጥናት። ደርግ ወድቆ የሽግግሩ መንግሥት ሲቋቋም የሀዲያን ሕዝብ የሚወክል ድርጅት ይዘው ወደ ፖለቲካው ገቡ፤ የትምህርት ምክትል ሚኒስትርም ሆኑ። ሹመቱ አልቆየም። በ1985 ዓ.ም. የደቡብ ድርጅቶች በፓሪሱ የተቃዋሚዎች ጉባኤ ተካፈላችሁ ተብለው ከሽግግሩ ምክር ቤት ሲባረሩ እሳቸውም ከመንግሥት ወጡ። በዚያው ዘመን ሌላው የሳይንስ ሰው፣ የቀዶ ሕክምናው ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ፣ ፖለቲካው እስር ቤት አድርሷቸው በመጨረሻ በ1991 ዓ.ም. በሰው አገር አረፉ። ይህን የምጽፍልሽ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። በምትገቢበት መንገድ ከአንቺ በፊት የሄዱ ሰዎች ምን እንደከፈሉ ሳታውቂ እንድትገቢ ስለማልፈልግ ነው።

ፕሮፌሰር በየነ ግን ተስፋ ቆርጠው ቤታቸው አልተቀመጡም። በ1992ቱ ምርጫ የሀዲያ ሕዝብ መርጧቸው ምክር ቤት ገቡ። ያን ጊዜ ከ500 በላይ ወንበር ባለው አዳራሽ ውስጥ ተቃዋሚዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አስቢው፤ ድምፅ ሲሰጥ እንደምትሸነፊ እያወቅሽ በየስብሰባው እጅሽን ማውጣት፣ መጠየቅ፣ ተቃውሞሽ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ማድረግ። ይህን አምስት ዓመት ሙሉ ማድረግ ከጭብጨባ ይልቅ ለሥራው ዋጋ የሚሰጥ ሰው ይጠይቃል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የ1998 ዓ.ም. ውሳኔያቸው ነው። በግንቦት 1997 ምርጫ ከተቃዋሚዎቹ ስብስቦች ቅንጅት 109 ወንበር፣ እሳቸው የሚመሩት ኅብረት ደግሞ 52 ወንበር እንዳገኙ ተገለጸ። አዲስ አበባማ 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ለቅንጅት ሰጥታ ነበር፤ ካዛንቺስም ቂርቆስም እንዲሁ። ውጤቱ አከራካሪ ሆነ፤ ደም ፈሰሰ፤ በኋላም የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። ምክር ቤቱ ሲከፈት ግን ፕሮፌሰር በየነና የኅብረት ባልደረባቸው ዶክተር መረራ ጉዲና ገብተው ተቀመጡ። በሰፈራችን ቡና ቤቶች ያልተባሉት አልነበረም። አንገባም ያሉት የቅንጅት ሰዎች ክርክርም ቀላል አልነበረም፤ ብዙዎቹም በነጻነታቸው ከፍለውበታል፤ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን የሀዲያ ገበሬ ሌሊት ተነስቶ የተሰለፈው ሄዶ የሚናገርለት ሰው ለመምረጥ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ተገዢ ነው ይላል። ፕሮፌሰር በየነ የፈጸሙት ይህንኑ ነው፤ ትክክልም ነበሩ። ያኔም ይህንኑ ብዬ ነበር፤ ዛሬም እላለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። በምክር ቤቱ ወንበር ላይ እያሉም ከወባ ጥናት አልራቁም። በ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብር አዋጁ በምክር ቤቱ ሲያከራክርና በአብላጫ ድምፅ ሲጸድቅ፣ በዚያው ክረምት በጂማ ዞን ሰርቦ ከተማ ክሎሮኪን ስለማይበግረው የቫይቫክስ ወባ የሚገልጽ ጥናት ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር አሳተሙ። ሰርቦን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያታለሽ። በ2002ቱ ምርጫ እሳቸው ያሉበት የተቃዋሚዎች ስብስብ መድረክ በመላ አገሪቱ አንድ ወንበር ብቻ ሲያገኝ እሳቸውም ወንበራቸውን አጡ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ በቡታጅራ የደጋው ጫፍ ስላለው ወባ የተጠና ጽሑፍ ላይ ስማቸው አለ። ያለ ምክር ቤት ወንበርም መኖር የሚችል ሰው ወንበሩን ላለማጣት ሲል አይዋሽም። አንቺም ላብራቶሪሽን አትዝጊ የምልሽ ለዚህ ነው። የተማሪዎችሽን ጥናት አማክሪ፣ ስላይዱን ራስሽ ተመልከቺ፣ በዓመት አንድም ቢሆን ጽሑፍ አውጪ።

ደግሞም ሙያሽ ለምክር ቤቱ የሚሰጠው ነገር አለ። መድኃኒቱ መሥራት ካቆመ አቁሟል ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ ሚኒስቴሩ ቢወደውም ባይወደውም፣ ያገኘሽው ውጤት የገዛ ግምትሽን ቢያፈርስም። በጀትና አዋጅ ሲቀርብልሽም እንዲሁ ጠይቂ፤ የተባለው ሥራ ደረሰ ወይ፣ ማን ቆጠረው፣ እንዴት ተቆጠረ? ከካዛንቺስ የተነሱት ሰዎች በሄዱበት ውኃ አላቸው ወይ፣ ልጆቻቸው በቅርብ ትምህርት ቤት አግኝተዋል ወይ፣ ጉልት ትቸረችር የነበረችው ሴት አሁን በምን ትተዳደራለች? ይህን ማንም በሚገባ አጥንቶ አዳራሹ ውስጥ ሲያነብ አልሰማሁም፤ እኔ የምመኘው አንቺ እንድታነቢው ነው። ግን አደራ፣ ሰው ናሙና አይደለም። መረጃ ለመሰብሰብ ብለሽ ቤታቸው አትሂጂ። ቡናቸውን ጠጪ፣ ለቅሷቸው ላይ ተቀመጪ፣ ከዚያ ጠይቂ።

ፕሮፌሰር በየነ በኋላ የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩትን መሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ክረምት አረፉ። በሕይወታቸው ያሰቡትን አገር አላዩም፤ ከመንግሥት ጋር መሥራታቸውንም የነቀፉ ነበሩ። የሁሉንም ውሳኔያቸውን ጠበቃ ሁኚ አልልሽም። ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ አገር ውስጥ፣ ጠመንጃ ሳያነሱና ሳይሰደዱ፣ በምርጫና በክርክር ብቻ ከመቆየታቸው ግን እንድትማሪ እፈልጋለሁ።

እናትሽ ፈርታለች፤ አልደብቅሽም። እኔ ግን ግቢ እልሻለሁ። ለእጩነት ከመፈረምሽ በፊት ግን ወደ አዲስ አበባ ነይና የተበተኑትን ጎረቤቶቻችንን በየሄዱበት እየዞርን እንጠይቃቸው፤ አብሬሽ እሄዳለሁ። አንቺን መምረጥ አለመምረጣቸውን አይደለም የምንጠይቃቸው፤ ምን እንድትናገሪላቸው እንደሚፈልጉ ነው። መቼ እንደምትመጪ ቀኑን ጻፊልኝ።

የሚወድሽ አባትሽ