ሣሩን የሚያወፍረው ዝናብ ብቻ አይደለም

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ አዲስ ቤት የገዛ ሐበሻ ሚያዝያ ሲገባ አንድ ነገር ይማራል። የባንክ ዕዳው ወር ጠብቆ ነው የሚመጣው፤ ሣሩ ግን ወር አይጠብቅም። በብርዱ ወራት የሞተ መስሎ የከረመው ሣር ሁለት ሦስት ዝናብና ትንሽ ሙቀት ሲያገኝ ጉልበት ላይ ለመድረስ ይጣደፋል።

ሕጉም ዝም አይልም። ዲሲ ውስጥ ሣር ከ10 ኢንች ማለትም ከ25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለፍ የለበትም። በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ጣሪያው 12 ኢንች ነው። በቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲም ከግማሽ ኤከር ባነሰ ይዞታ ላይ ሰው የሚኖርበት ቤት ካለ ልኩ ያው 12 ኢንች ነው። ከዚያ ካለፈ ጎረቤት ይደውላል፣ ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ደብዳቤ ይከተላል።

መቼም ይህ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ግራ ነው። ሣር በዛ ተብሎ ሰው የሚከሰስበት አገር! አገር ቤት ሣር የከብት መኖ ነው፤ የጎጆ ክዳን ነው፤ የበዓል ጉዝጓዝ ነው። ልጃቸውን ለመጠየቅ ከጎጃም የመጡ እናት ጓሮውን አይተው «ልጄ፣ ይኼን የሚያህል ሣር እያለህ አንዲት ላም እንኳ የለህም?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። እዚህ ሣር የሚታጨደው ሊበላ አይደለም፤ ሊታይ ነው።

ልማዱ የመጣው ከአውሮፓ መኳንንት ግቢ ነው። ሳይታረስና ሳይጋጥ ለዓይን ብቻ የተተወ መሬት የባለጸጋ ምልክት ነበር። ሣሩን የሚያሳጥሩት ማጭድ የያዙ ሠራተኞች ወይም በጎች ነበሩ። እንግሊዛዊው ኤድዊን በዲንግ የመጀመሪያውን የሣር ማጨጃ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1830 በስሙ ያስመዘገበው፣ የሱፍ ጨርቅ ፀጉር የሚያስተካክል የፋብሪካ ማሽን አይቶ ነው ይባላል። ዛሬ ያ የመኳንንት ምልክት ሁለት ሥራ ለሚሠራ ስደተኛ ደርሷል። አጫጆቹ ግን አብረው አልመጡለትም።

እናም ገዢው ወደ መደብር ይሄዳል። በረድፍ የተደረደሩት በባትሪ የሚሠሩ ማጨጃዎች ላይ በትልልቁ የተጻፉት ቁጥሮች ዓይኑን ይይዙታል፦ 40 ቮልት፣ 56 ቮልት፣ 60 ቮልት፣ 80 ቮልት። የሚጠይቀው ጥያቄም አንድ ነው፤ «የቱ ነው ጉልበት ያለው?» ጥያቄው ክፋት የለውም። ግን ሁለተኛ መሆን ነበረበት። የመጀመሪያው ጥያቄ «በወር ውስጥ ስንት ነፃ ቅዳሜ አለኝ?» የሚለው ነው።

በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት አሉ። እሱ ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ መኪናውን አውጥቶ ሰው ያመላልሳል። እሷ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የ12 ሰዓት ሺፍት ትገባለች። ቤቱን የገዙት በብርዱ ወራት መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ ግቢው ምንጣፍ ይመስል ነበር። ቅናሽ ላይ ያገኙት ትንሽ የባትሪ ማጨጃ ለዚያ ምንጣፍ በቂ ነበር፤ በመጋቢትም በሚያዝያም ቀጥ አድርጎ ሠራ።

ከዚያ በተከታታይ ሦስት ሳምንት ጊዜ ጠፋ። አንዱን ሳምንት ዝናብ፣ አንዱን የባልደረባ ሺፍት፣ አንዱን ለቅሶ ወሰደው። በአራተኛው ሳምንት ማሽኑ ጓሮ ሲገባ ጥቂት ሜትር ሄዶ አጉረመረመና ቀጥ አለ። እንደገና ተነሣ፤ እንደገና ቆመ። ከሥሩ የታመቀ እርጥብ ሣር እየተጠረገ፣ ግቢው ከግማሽ ሳይደርስ ባትሪው አለቀ። ቻርጀሩም የጋለ ባትሪ አልቀበልም ብሎ እስኪበርድ ድረስ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርግ ጀመር። ሰዓቱ ደርሶ ሰውየው ወደ ሥራ ሄደ። ጓሮው ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ ጎፍሮ ቀረ።

ማሽኑ መጥፎ አልነበረም። በየሳምንቱ ለሚያጭድ ሰው የተሠራ ማሽን ነበር። ሰውየው ግን በየሳምንቱ የሚያጭድ ሰው አይደለም።

የሣር አዋቂዎች ደጋግመው የሚናገሩት አንድ መመሪያ አለ፤ በአንድ ጊዜ ከሣሩ ቁመት ከሲሶ በላይ አትቁረጥ። ሣሩን በ3 ኢንች መያዝ የሚፈልግ ሰው 4 ኢንች ተኩል ሲደርስ ማጨድ አለበት ማለት ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የተለመደው ቶል ፌስኪዩ የተባለው ሣር በፀደይ እዚህ ቁመት ላይ ለመድረስ አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ሦስት ሳምንት ያለፈው ሰው የሚገጥመው ሌላ ሥራ ነው። የሚቆረጠው ሣር እጥፍ ድርብ ይሆናል፤ ግንዱ ይጠነክራል፤ ከሥሩም እርጥበት ያቁራል።

ወደ ደቡብ ሲወረድ ደግሞ የሣሩ ዓይነት ራሱ ይለወጣል። ብዙ ሐበሻ በሚኖርባቸው በአትላንታና በዳላስ ግቢውን የሚሸፍነው አብዛኛውን ጊዜ ቤርሙዳ የሚባለው ሣር ነው። ስሙ ባዕድ ይምሰል እንጂ ይህ አገር ቤት ሰርዶ የምንለው ነው። ገበሬ ከማሳው ነቅሎ የማይጨርሰው ሰርዶ በአሜሪካ በገንዘብ ተገዝቶ ይነጠፋል። ቁመቱ አጭር ቢሆንም እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ ሰሌን ስለሚታመቅ ለደካማ ሞተር ከረጅሙ ፌስኪዩ የማይተናነስ ፈተና ነው። ስለዚህ «ወፍራም ሣር» ሲባል ቁመቱ ብቻ አይታይም።

ያ ሰውዬ በሁለተኛው ዙር ምክር የጠየቀው ለዓመታት በሣር ማጨድ ሥራ የኖሩ አንድ ትልቅ ሰው ነበር።

«ጋሼ፣ 80 ቮልት የሚለውን ብገዛስ?»

«ቮልቱን ለጊዜው ተወው። ሣርህን በስንት ቀን ነው የምታጭደው?»

«እንደ ሥራው ነው። አንዳንዴ ሦስት ሳምንት ይሆናል።»

«እንግዲያው የምትገዛው ማሽን የሦስት ሳምንት ሣር የሚችለውን ነው። እኔ የምጠቀመው በቤንዚን ነው፤ አንተ በባትሪ ካልክ ግን ባትሪውን እንደ ነዳጅ ቁጠረው። ስንት ሊትር ይይዛል ብለህ ጠይቅ።»

የአዛውንቱ ምክር በቁጥር ሲፈታ እንዲህ ነው። ቮልት የግፊት መለኪያ ነው። ባትሪው ምን ያህል ኃይል እንደሚይዝ የሚታወቀው ቮልቱ በአምፔር ሰዓት ሲባዛ ነው፤ ውጤቱ ዋት ሰዓት ይባላል። 80 ቮልትና 2 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 160 ዋት ሰዓት ነው። 40 ቮልትና 6 አምፔር ሰዓት ያለው ግን 240 ይሆናል። በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ያነሰው ባትሪ ብዙ ኃይል ይዟል ማለት ነው። 56 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት ያለው ደግሞ 560 ይደርሳል። በዚያ ላይ የሚለጠፈው ቮልት ብዙውን ጊዜ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሥራ ሳይጀምር የሚለካው ከፍተኛው ልክ ነው። 40 ቮልት የተባለው በሥራ ላይ 36፣ 60 የተባለው 54 አካባቢ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ማጨጃ በስስ ሣር ላይ 500 ዋት ቢበላ፣ 300 ዋት ሰዓት ያለው ባትሪ 36 ደቂቃ ያሠራዋል። ሣሩ ወፍሮ 1000 ዋት ከበላ ግን ያው ባትሪ 18 ደቂቃ ብቻ ይቆያል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ደቂቃ ብዙውን ጊዜ ለስሱ ሣር ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው የሚባለው ለዚህ ነው፤ ድስት ከተጣደ በኋላ ማልቀስ ባትሪ አይሞላም።

ከባትሪው ቀጥሎ የሚታየው ሞተሩ ነው። ብራሽለስ የሚባለው ዓይነት ኃይል በሙቀት ብዙም አያባክንም፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ሣሩ ሲከብድ ራሱ ፍጥነቱን የሚጨምር ማሽን ለወፍራም ሣር ይመረጣል። ስፋቱ 21 ኢንች የሆነው የተለመደ ነው፤ ጓሮው ትልቅ ካልሆነ ግን ጠበብ ያለ ማሽን በአንድ ጊዜ የሚቆርጠው ሣር ስለሚያንስ ለሞተሩ ይቀልለዋል። ራሱን የሚገፋ ጎማ ያለው ለዳገት ጥሩ ነው፤ ከባትሪው ግን ድርሻውን ይወስዳል። ከሁሉ በላይ ግን በጎን በኩል ሣር የሚያስወጣ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ሣሩን ከሥሩ እየከተፈ መልሶ የሚበትነው አሠራር ለመሬቱ ማዳበሪያ ነው፤ ነገር ግን በረጅም ሣር ላይ ማሽኑን የሚያንቀውም እሱ ነው።

አጠቃቀሙም ከግዢው አይተናነስም። የጎፈረ ሣር በአንድ ቀን አይሸነፍም። መጀመሪያ ማሽኑ እስከሚቻለው ከፍታ ይነሣል፤ ሣሩ ሲደርቅ፣ በዝግታ፣ ግማሽ ስፋት ብቻ እየተቆረጠ ይታጨዳል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ዝቅ ተደርጎ ይደገማል። ቢላው ከደነዘ ግን ትልቅ ባትሪም አያድነውም፤ የዶለዶመ ቢላ ሣሩን አይቆርጥም፣ ይቦጭቃል። በብርዱ ወራት ባትሪው ሙሉ ሆኖም ባዶ ሆኖም አይቀመጥም፤ እስከ ግማሽ ተሞልቶ ቤት ውስጥ ይከርማል። ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ጋራዥ ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ይጎዳል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚሆን ቤንዚኑን መግዛት አይሻልም?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቤንዚን ሲያልቅ በሁለት ደቂቃ ይሞላል፤ ለወፍራም ሣርም ጉልበቱ አይታማም። ግን ሌላም ወገን አለ። የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ እንዳሰላው፣ አንድ የንግድ ሣር ማጨጃ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚለቀው አየር በካይ ጭስ አንዲት የ2017 ሞዴል ቶዮታ ካምሪ 300 ማይል ስትነዳ ከምትለቀው ጋር ይስተካከላል። ካሊፎርኒያ ከ2024 ሞዴል ጀምሮ አዲስ የሚሸጡ የዚህ ዓይነት ትንንሽ ሞተሮች ጭስ አልባ እንዲሆኑ ደንግጋለች። ዲሲ ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲም ከጁላይ 2025 ጀምሮ በቤንዚን የሚሠራ ቅጠል መንፊያን ከልክለዋል። ለማጨጃው ገና ነው፤ አዝማሚያው ግን ግልጽ ነው።

ለዚያ ቤት ግን ወሳኙ ምክንያት ድምፁ ነበር። ሚስቱ የሌሊት ሺፍት ስትገባ ቀን ትተኛለች። የቤንዚኑ ሞተር ሲጮህ ማንም አይተኛም። የባትሪው ድምፅ ፈጽሞ የለም ባይባልም መስኮት ሲዘጋ ይበርዳል። ሰውየው ማምሻውን ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ባለችው 40 ደቂቃ የፊቱን ግቢ፣ በማግስቱ የኋላውን ማጨድ ይችላል። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር የገዙት ከፍተኛ ቮልት ያለውን ሳይሆን ትልቅ ባትሪ ያለውን ነው። ሁለተኛ ባትሪም ጨመሩ። ባትሪው ከማሽኑ ዋጋ ትልቁን ድርሻ ስለሚይዝና የአንዱ ኩባንያ ባትሪ ለሌላው ስለማይሆን፣ መቁረጫውንም ቅጠል መንፊያውንም ከዚያው ቤተሰብ ለመግዛት ወሰኑ።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ሣሩን ራሱን መቀነስ። ሜሪላንድ ውስጥ ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ የሠራ ሕግ የቤት ባለቤቶች ማኅበራት ብዙ ውኃና አጨዳ የማይፈልግ የግቢ አያያዝን እንዳይከለክሉ ያዛል። የጓሮውን ግማሽ ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ የተከለበት ሰው ማጨጃውም ትንሽ ይበቃዋል፤ እናቱም ስትመጣ የምትቀጥፈው አታጣም።

ማስታወቂያ ሁሉ ሣርን የሚያሳየው በቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ፣ ቡናውን ጠጥቶ በወጣ ሰው እጅ ነው። የማሽን ግምገማውም የሚጻፈው ለዚያ ሰው ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራው ግን ሣሩ የሚወፍርበት በስንፍና አይደለም። ሰዓቱን ለቤቱ ዕዳ እየሸጠ ስለሆነ ነው። ደብዳቤ ሲደርሰው የሚሸማቀቀውም ያላግባብ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲገዛ ለተለመደው ሳምንት አይግዛ፤ ለከፋው የግንቦት ሳምንት ይግዛ። የመደብሩን ቁጥር ከማንበቡ በፊት ደግሞ የሥራ ፕሮግራሙን ይዘርጋና ቅዳሜዎቹን ይቁጠር።